በሩሲያ ሕግ ፊት የጌም ኩባንያዎች ድብብቆሽ

ፌብሩዋሪ 2022 ላይ (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የአሜሪካ ጌም ኩባንያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የሚጣረሱ መግለጫዎች አወጣ። ነገሩ የሠርግ ነገር ነው። ኩባንያው «ዘ ሲምስ 4» ለተሰኘው ጌሙ ኬኩም ቬሎውም አዳራሹም ያለበት ተጨማሪ ጥቅል ሠርቷል። በማስታወቂያው ላይ የሚጋቡት ግን ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ዶሚኒክና ካም። በ9ኛው ቀን ኩባንያው የሩሲያ ሕግ ስለማያስኬደው ጥቅሉን እዚያ እንደማይሸጥ ተናገረ። የሙሽሮቹን ታሪክም እንደማይቀይር ጨመረ።

ሩሲያ ያሉ ተጫዋቾች ተበሳጩ። የተቀጣነው እኛ ነን የሚል ቅሬታ በማኅበራዊ ሚዲያ ተቀጣጠለ። በ16ኛው ቀን ኩባንያው ሐሳቡን ቀየረ፤ ጥቅሉ ምኑም ሳይነካ ሩሲያም ይሸጣል ተባለ። የመውጫው ቀንም ከ17 ወደ 23 ተገፋ። እንደተባለውም 23 ላይ ወጣ። በማግስቱ የሩሲያ ጦር ዩክሬን ገባ። ማርች ላይ ኩባንያው ሩሲያ ውስጥ መሸጡን ጭራሽ አቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ከሕጉ አንዲት ቃል አልተለወጠችም። ጌሙም ያው ነው። የተለወጠው የኩባንያው ግምት ብቻ ነው። የሩሲያን ሳንሱር በጌም በኩል ለመረዳት ከፈለጋችሁ መነሻው ይህ ነው፦ አብዛኛውን ውሳኔ የሚወስነው ሞስኮ ያለ ሳንሱር አድራጊ ሳይሆን የኩባንያው ጠበቃና የሽያጭ ክፍል ነው።

ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ያላችሁን አቋም ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። አገራችን ውስጥ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚያነጋግር አውቃለሁ። የዛሬው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንድ መንግሥት «ይህን አታሳዩ» ሲል፣ በመቶ አገር የሚሸጥ ጌም ያለው ኩባንያ በተግባር ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ሕጉን እንየው። በ2013 የሩሲያ ፓርላማ «ባህላዊ ያልሆነ ጾታዊ ግንኙነትን» ለሕፃናት ማስተዋወቅን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ቅጣቱ ለድርጅት እስከ 1 ሚሊዮን ሩብል፣ ወይም ሥራውን እስከ 90 ቀን ማገድ ነበር። ዲሴምበር 2022 ላይ ደግሞ ፑቲን የሰፋውን ሕግ ፈረሙ። «ለሕፃናት» የሚለው ገደብ ተነሳ። ለአዋቂም ቢሆን በፊልም፣ በመጽሐፍ፣ በማስታወቂያና በኢንተርኔት ክልክል ሆነ። የድርጅት ቅጣት ወደ 5 ሚሊዮን ሩብል አደገ፤ ያኔ በነበረው ምንዛሬ 80 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ለትልቅ ጌም ኩባንያ ይህ የቡና መጠጫ ነው። የሚያስፈራው ብሩ አይደለም። የሚያስፈራው መታገዱና ከአገሪቱ ኢንተርኔት መጥፋቱ ነው።

ሕጉ የተከለከሉ ጌሞች ዝርዝር አላወጣም። «ፕሮፓጋንዳ» ማለት የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃም በግልጽ አልለካም። ሁለት ወንዶች ተያይዘው ሲሄዱ ማሳየት ፕሮፓጋንዳ ነው? አንድ ገጸ ባሕርይ በጨዋታው መሀል «ባለቤቴ» ብሎ ስለ ሌላ ወንድ ቢያወራስ? ተጫዋቹ ራሱ ፈልጎ ከመረጠ ብቻ የሚመጣ ትዕይንትስ? መልሱ የሚታወቀው ሮስኮምናድዞር የተባለው የኢንተርኔትና የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪ ደብዳቤ ከጻፈ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ስለዚህ ኩባንያው አስቀድሞ ይገምታል። ገምቶም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፍርሃቱ ያደላል።

እስከ 2022 ድረስ ቀላሉ መውጫ የዕድሜ ምልክት ነበር። ሕጉ ስለ ሕፃናት ስለሚያወራ፣ ሽፋኑ ላይ 18+ ከለጠፍክ ነገሩ አለቀ። «ዘ ሲምስ 4» በ2014 ሲወጣ ሩሲያ ውስጥ ያገኘው ምልክት ይኸው ነው። ቤት መሥራት፣ ሥራ መግባት፣ ልጅ ማሳደግ፣ ምግብ ማሳረር፤ የጌሙ ዋና ነገር ይህ ነው። ሌላ አገር ያሉ ታዳጊዎች በነጻነት የሚጫወቱት ጌም ሩሲያ ሲደርስ ለአዋቂ ብቻ ሆነ፤ ምክንያቱ ገጸ ባሕርያቱ ከፈለጉት ጾታ ጋር መጣመር መቻላቸው ነው። የሲምስ ተጫዋቾች ይህን ከመጀመሪያው የ2000 ጌም ጀምሮ ያውቁታል፤ አዲስ ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ሠርጉ ጥቅል ተመለሱና ነገሩን በቅርብ እዩት። ጌሙ 18+ ነው። ሩሲያ ውስጥ ለስምንት ዓመት ያህል ተሽጧል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተጫዋቹ ሁለት ሴቶችን ማጋባት ይችል ነበር። ታዲያ በ2022 ምን ተፈጠረ? ሁለቱ ሴቶች ከጌሙ ሆድ ወጥተው ማስታወቂያው ላይ ወጡ። ጌሙን ያልገዛ፣ ዕድሜውም 18 ያልሞላ ሰው ፖስተሩን ያያል። የጠበቆቹ ራስ ምታት የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያው ጠበቆች (ወይም አለቆቻቸው) ችግር የለውም አሉ። በእኔ እይታ ሕጉ እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

ሌላው ዘዴ ነገሩን ቆርጦ ለብቻው መደበቅ ነው። ብሊዛርድ የ«ኦቨርዋች» ጌም ባለቤት ነው። የጌሙ ሽፋን ላይ የምትታየው ትሬሰር የምትባል ፈጣን ተዋጊ ናት። ዲሴምበር 2016 ላይ ኩባንያው ለገና በዓል አጭር የካርቱን መጽሔት በኢንተርኔት አወጣ። እዚያ ውስጥ ትሬሰር ኤሚሊ የምትባል የሴት ፍቅረኛ እንዳላት ታየ። መጽሔቱን ከሩሲያ ሆኖ ለመክፈት የሞከረ ሰው ግን በአገሪቱ ሕግ ምክንያት ማሳየት እንደማይቻል የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ነው ያገኘው።

ጌሙ ግን መሸጡን ቀጠለ። ትሬሰርም ከሽፋኑ አልወረደችም። ሩሲያዊው ተጫዋች እሷን መርጦ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ ይውላል። የተዘጋበት የግል ሕይወቷ ብቻ ነው። ለኩባንያው ይህ በጣም ርካሽ መፍትሔ ነው። መጽሔቱ ከጌሙ ውጭ ያለ ፋይል ነው፤ ከየት አገር እንደሚከፈት አይቶ በር መዝጋት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ብዙ ኩባንያዎች እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ ከጨዋታው ውጭ፣ በመጽሔት፣ በአጭር ልብ ወለድ ወይም በትዊተር ጽሑፍ ሲናገሩ አይታችሁ ከሆነ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው። ለምዕራቡ ዓለም ተናግረናል ይላሉ፣ ለሩሲያ ደግሞ አልተናገርንም። ትንሽ ብልጣብልጥነት አለበት።

በዚያው ዲሴምበር «ፊፋ 17» ላይም ጫጫታ ተነስቶ ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መብት ከሚሟገተው ስቶንዎል ድርጅት ጋር ያካሄደውን ዘመቻ ለመደገፍ ጌሙ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ማልያ በነጻ ሰጠ። የዱማ (የሩሲያ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት) አባላት ይህ ለሕፃናት የሚደረግ ፕሮፓጋንዳ ነውና ይመርመር ብለው ለተቆጣጣሪዎች ጻፉ። ኩባንያው ማልያውን እንዲያወጣ ወይም የዕድሜ ምልክቱን እንዲቀይር ይደረግ የሚልም ሐሳብ ነበረ። ጌሙ ግን ከገበያ አልወጣም። ሩሲያ በቀጣዩ ዓመት ተኩል የዓለም ዋንጫን የምታዘጋጅ አገር እንደነበረች አትርሱ።

ቆርጦ ማውጣት ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። የግድግዳ ሥዕል ወይም ባንዲራ መቀየር ቀላል ነው፤ አንድ ምስል አውጥተህ ሌላ ታስገባለህ። የፍቅር ታሪክ ግን ሌላ ጣጣ ነው። በትልልቆቹ የሚና ጌሞች (ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ ታሪኩን በምርጫው በሚመራባቸው) ውስጥ ተጫዋቹ ከማን ጋር እንደተወዳጀ በኋላ የሚመጣውን ንግግር፣ የጓደኞቹን ምላሽ፣ የመጨረሻውን ትዕይንት ይወስናል። ድምፁ በስቱዲዮ ተቀርጿል። አንዱን ክር ስትስብ ሌላው ይተረተራል። ለአንድ አገር ብሎ ይህን መበጣጠስ፣ ከዚያ በየማሻሻያው ሁለት ዓይነት ጌም እየጠበቁ መኖር ውድ ነው። ስለዚህ አሳታሚዎች ይህን ዓይነት ጌም ወይ 18+ ለጥፈው እንዳለ ይሸጡታል ወይ ጭራሽ አይሸጡትም። «ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2» ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሴት የምታፈቅር ሴት ናት። በ2020 ሩሲያ ውስጥ በሩሲያኛ ድምፅ ተተርጉሞ ነው የተሸጠው።

የመጽሐፍ አሳታሚዎች ለዚህ የራሳቸው መላ አላቸው። በ2024 አንድ ትልቅ የሩሲያ አሳታሚ ስለ ጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ፓዞሊኒ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ሲያወጣ በርካታ ገጾቹን በጥቁር ቀለም ሸፍኖ ሸጠ። አንባቢ ምን እንደጎደለ ያያል፤ አሳታሚውም አይቀጣም። በጌም ይህ አይሞከርም። ጥቁር ሳጥን ውስጥ የሚያወራ ገጸ ባሕርይ ይዘህ ማን ይጫወታል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ሁሉ ሳይገርማችሁ አይቀርም፤ እዚያም ተመሳሳይ ነገር አለ። «ማርቭልስ ስፓይደርማን» ኒው ዮርክን የሚያሳይ ጌም ስለሆነ በየሕንጻው ላይ የቀስተ ደመና ባንዲራዎች ይታያሉ። በመካከለኛው ምሥራቅ በተሸጠው ቅጂ ግን ባንዲራዎቹ በአሜሪካ ባንዲራ ተተክተዋል። ይህ በሰፊው የታወቀው በ2022 ጌሙ ለኮምፒውተር ሲወጣ ነው። አንድ ተጫዋች ባንዲራዎቹን የሚቀይር ፋይል ሠርቼያለሁ ብሎ ለሌሎች አጋራ፤ ሰዎች ሲያዩት የተጠቀመው ለመካከለኛው ምሥራቅ ተብሎ ኩባንያው ራሱ ያዘጋጀውን ምስል ነው። ለአንድ ገበያ የተሠራው ሥራ ጌሙ ውስጥ ተኝቶ ነበር ማለት ነው። በተቃራኒው «ፋይናል ፋንታሲ 16» በ2023 ሳዑዲ አረቢያ ውስጥ አልተሸጠም። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ አሳታሚው የተጠየቀውን ማስተካከያ ለማድረግ ፈቃደኛ አልሆነም አለ። በቃ። አንዱ ባንዲራ ቀየረ፣ አንዱ ገበያውን ተወ።

ሩሲያ ከእነዚህ የምትለየው ከማርች 2022 በኋላ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ሶኒ፣ ኒንቴንዶ፣ ማይክሮሶፍት፣ አክቲቪዥን ብሊዛርድ፣ የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት፣ ሁሉም ሽያጫቸውን አቆሙ። ቪዛና ማስተርካርድም ሥራ አቆሙ። በዲሴምበር የሰፋው ሕግ ሲመጣ ሕጉ ሊያስፈራራቸው የነበሩት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገበያውን ትተው ወጥተዋል። የሌለን ሰው ከገበያ አስወጣሃለሁ ብትለው ምን ዋጋ አለው?

ሩሲያውያን ግን መጫወት አላቆሙም። የቱርክ ወይም የካዛኪስታን አካውንት ይከፍታሉ፣ በደላላ ካርድ ይገዛሉ፣ ወይም የተሰረቀ ቅጂ ያወርዳሉ። በዚህ መንገድ የሚገቡ ጌሞች የሩሲያ የዕድሜ ምልክትም የሩሲያ ገደብም የለባቸውም። የሞስኮ ታዳጊ የቱርክ ተጫዋች የሚያየውን ያያል። ሕጉ እየጠበቀ በሄደበት ዘመን ቁጥጥሩ የላላው በዚህ በኩል ነው፤ ለላላውም ምክንያቱ ማዕቀቡና ጦርነቱ ነው።

ዱላው ታዲያ ያረፈው ማን ላይ ነው? እዚያው በቀሩት ላይ። የአገር ውስጥ ጌም ሠሪዎች፣ ተርጓሚዎች፣ የፊልም ድረ ገጾች፣ እንዲሁም አሁንም ሩሲያ ውስጥ ክፍት የሆነው የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም። ኖቬምበር 30 ቀን 2023 የሩሲያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዝግ ችሎት «ዓለም አቀፍ የኤልጂቢቲ ንቅናቄ» የሚባል ነገር ጽንፈኛ ነው ብሎ ወሰነ። እንዲህ የሚባል የተመዘገበ ድርጅት የለም፤ አባልም ጽሕፈት ቤትም የለውም። ስለዚህ ማንም ሊሆን ይችላል። በንቅናቄው መሳተፍ የእስር ወንጀል ሆነ፤ ምልክቱን ማሳየትም ያስቀጣል።

ይህ ለጌም ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ሰው ላይ የደረሰውን አይታችሁ ገምቱ። በጃንዋሪ 2024 ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት የቀስተ ደመና ቀለም ያለው የጆሮ ጌጥ አድርጋ በመገኘቷ አምስት ቀን ታሰረች። አሁን አንድ ሩሲያዊ ወጣት ጌም እየተጫወተ በቀጥታ ሲያስተላልፍ አስቡት። ከኋላ አንድ ግድግዳ ላይ ያችው ባንዲራ አለች። ባንዲራዋን የሳላት ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ነው። ስክሪኑ ላይ ያሳያት ግን እሱ ነው። ድሮ የኩባንያው ራስ ምታት የነበረው አሁን የተጫዋቹ ሆኗል። አገር ውስጥ ያለ ጌም ሠሪም እንዲሁ፤ ስህተት ቢሠራ በቅጣት ብቻ የሚያልፈው ነገር መሆኑን እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ ከነጭራሹ አይጽፈውም። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ሳንሱር ተደረገ ተብሎ ዜና አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ሮስኮምናድዞር ፊቱን ወደ መተግበሪያዎች አዞረ። በ2024 ዱኦሊንጎ፣ ቋንቋ የሚያስተምረው መተግበሪያ፣ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ሩሲያ ውስጥ ካሉ ልምምዶቹ ላይ የኤልጂቢቲ ይዘቶችን አነሳ። ለዱኦሊንጎ የሚቀየረው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያልቃል።

የሮብሎክስ ግን አያልቅም። ሮብሎክስን ቤት ውስጥ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጌም አይደለም፤ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ጌም እየሠሩ የሚለጥፉበት ሰፊ መድረክ ነው። እዚያ ቀስተ ደመና የሚስለው ኩባንያው ሳይሆን ምናልባት ብራዚል ያለ የ13 ዓመት ልጅ ነው። የዕድሜ ምልክቱ፣ አንዱን መጽሔት መዝጋቱ፣ ባንዲራ መቀየሩ፣ ከላይ ያየናቸው ዘዴዎች ሁሉ ይዘቱን ኩባንያው ያውቀዋል ከሚል ግምት የተነሱ ናቸው። እዚህ ግን በየደቂቃው አዲስ ነገር ይለጠፋል፤ ማን ምን እንደለጠፈ ቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ዲሴምበር 3 ቀን 2025 ሮስኮምናድዞር ሮብሎክስን ሩሲያ ውስጥ ዘጋው። የተሰጡት ምክንያቶች የጽንፈኛ ይዘትና የኤልጂቢቲ ፕሮፓጋንዳ መኖር ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሮብሎክስ የልጆች ደኅንነት ጉዳይ በብዙ አገር የሚነሳበት መድረክ ነው፤ ቱርክም በ2024 ዘግታዋለች። ሩሲያ ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከተተቻቸው። ልጅን ከሚያጠምድ ሰው የመጠበቅ ጥያቄና የባንዲራ ቀለም ጥያቄ አንድ ላይ ሲመጡ፣ ለየትኛው እንደተዘጋ መለየት ይከብዳል። ለባለሥልጣን ግን ይመቻል፤ የመጀመሪያውን ማንም ወላጅ አይቃወምም።

ልጆቹ ግን ተቃወሙ። ለባለሥልጣናት ደብዳቤ ጻፉ። በሳይቤሪያዋ ቶምስክ ከተማ ጥቂት ሰዎች ወረቀት ላይ መፈክር ጽፈው በረዶ ላይ ቆመው እገዳውን ተቃወሙ። ዛሬ ሩሲያ ውስጥ አደባባይ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሠርጉ ጥቅል ጊዜ የተጫዋቾች ጩኸት በሳምንት ውስጥ ውሳኔ አስቀልብሶ ነበር። ልዩነቱ ያኔ የሚጮኹት ኩባንያ ላይ መሆኑ ነው፤ ኩባንያ ደንበኛውን ይሰማል።

ሮብሎክስ በበኩሉ በሩን ለማስከፈት በዚያው ወር መነጋገር ጀመረ። ሩሲያ ውስጥ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ የሚያወሩበትን አገልግሎት ለጊዜው ለመገደብና የይዘት ቁጥጥሩን ለማስተካከል ዝግጁ ነኝ አለ። በዱማ በኩል ደግሞ ዲሴምበር 2024 ላይ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀርቧል። ጌም አከፋፋዮች ይዘቱን በምልክት እንዲገልጹ፣ ተጫዋቹንም በስልክ ቁጥር ወይም በመንግሥት የመለያ ሥርዓት እንዲያውቁት ይጠይቃል። ይህ ቢያልፍ የቱርክ አካውንት የከፈተውን ተጫዋች አያገኘውም። የሚያገኘው በራሱ ስምና በራሱ ስልክ ሞስኮ ውስጥ የሚገዛውን ነው።